የደረጃው ዋይፋይ

አሮጌው ሞደም በስብሰባ መሀል እየጠፋ ከሥራ ሊያስባርረኝ ነው። ውጭ አገር ያለው አለቃዬ፣ «ዛሬም ከተቋረጥክ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ብሎኛል። አዲስ ሞደም ልገዛ ጌጃ ሰፈር ወርጄ በየሱቁ ጠየቅኩ። አንዱ አንቴናው የበዛውን ግዛ አለኝ፤ ሌላው አንቴና ለጌጥ ነው አለ። ማንን እንደማምን ግራ ሲገባኝ ባለ ብዙ አንቴናውን ይዤ ተመለስኩ።

የዋይፋዩን ስምም ፓስወርድም ቀይሬ ስሞክረው ኢንተርኔቱ በረረ። ስብሰባው ሊጀመር ሲል በሩ ተንኳኳ። የጎን ጎረቤታችን ሀያት ናት።

«እትዬ ወለተሰንበት፣ ዋይፋያችን ጠፋ እኮ!» አለቻት እናቴን።

«ዋይፋያችን?» አልኩ።

ጋሽ አምሳሉም ስልካቸውን እንደያዙ ከላይኛው ፎቅ ወረዱ። «ዜናው መሀል ላይ ቆመብኝ። አንተ ነህ የነካካኸው?»

«እማዬ፣ ፓስወርዱን ለስንት ሰው ነው የሰጠሽው?»

«ለጎረቤት ነዋ! አንተ ባሕር ማዶ ስትማር መድኃኒቴን ማን ያመጣልኝ መሰለህ? ሞደሙ?»

ለካ አሮጌው አልተበላሸም፤ የደረጃውን ጎረቤት ሁሉ ተሸክሞ ነው የደከመው።

«እባካችሁ፣ ስብሰባዬ እስኪያልቅ ብቻ ታገሱኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«እንታገሣለን» አሉ ጋሽ አምሳሉ፣ ሶፋችን ላይ እየተመቻቹ። ሀያትም አጠገባቸው ተቀመጠች።

ስብሰባው አንዴም ሳይቋረጥ አለቀ። አለቃዬ በመጨረሻ፣ «ከኋላህ ተቀምጠው የሚያፈጡብን እነማን ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ።

«የኢንተርኔቱ ባለቤቶች» አልኩትና አዲሱን ፓስወርድ ልሰጣቸው ተነሣሁ።