ከማማው ሥር

ግሌንዳ ግሪንውድ የእንግሊዟን ሃሊፋክስ የገበያ አዳራሽ ደረጃ የወጣችው እንደ ሌባ ግራ ቀኟን እያየች ነበር። ደረጃው ስድስት ብቻ ነው። ስድስቱንም የብረቱን ድጋፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀኝ እግሯን እያስቀደመች፣ ግራውን እየጎተተች ወጣችው። ላይ ስትደርስ እጇን ከብረቱ አነሣች፤ ኮቷን አስተካከለች። ከዚያም ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ ስታስተምር ወደ ክፍል ትገባበት በነበረው አረማመድ ወደ ታሪቅ ሻይ ቤት አመራች።

ስለ ጉልበቷ ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ በሚያዝያ የጉልበቷን የራጅ ፎቶ መብራት ላይ ለጥፎ፣ "በአጥንቶቹ መሀል የነበረው ለስላሳ ነገር አልቋል። ለቀዶ ሕክምና ተራ አስይዛለሁ፤ እስከዚያው ደረጃ አያብዙ" ብሏት ነበር። ተራው መቼ እንደሚደርስ ስትጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። ግሌንዳም በሃያ ደቂቃ ውስጥ የጤና ሚኒስትሩን፣ ከሚኒስትሩ በፊት የነበረውን ሚኒስትርና የሐኪሙን ትከሻ አንድ በአንድ አብጠልጥላ ወጣች። ለጓደኛዋ ለኖሪን ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ለምን? ዛሬ በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ነው። ለዐሥራ አንድ ዓመት ሁለቱ ጓደኛሞች በዚህ ቀን፣ በዚህ ሻይ ቤት፣ በመኸር ለአራት ቀን የሚሄዱበትን ከተማ ሲመርጡ ኖረዋል። ጉዟቸው ትምህርት ቤቶች ከኦክቶበር ዕረፍት በሚመለሱበት ሰኞ ይጀምራል። ይህን ቀን የወሰነችው ግሌንዳ ናት። መምህር ሳለች መጓዝ የምትችለው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ አየር መንገዶቹ ዋጋውን ሰማይ ይሰቅሉታል። ስለ ዘረፋው ለአካባቢው ጋዜጣ አምስት ደብዳቤ ጽፋለች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው ወደ ክፍል በሚመለሱበት ጠዋት እሷ አውሮፕላን መሳፈሯ ከከተማው እኩል ይጣፍጣታል።

ሕጋቸው ቀላል ነው። አንድ ዓመት አንዷ፣ በሚቀጥለው ሌላዋ ትመርጣለች። ተራው ያልደረሳት ምክንያት ሰጥታ ሁለት ከተማ መጣል ትችላለች፤ ሦስተኛውን ካልተቀበለች እቤቷ ትቀራለች። ሌላም ሕግ አለ፤ እሱን ያወጣችው ግሌንዳ ብቻዋን ነው። ከተማው እንደ ገቡ ሻንጣቸውን አስቀምጠው በቀጥታ ወደ ከፍተኛው ማማ ይወጣሉ። ከላይ ሆና ወንዙ የት እንደሚያልፍ፣ ቅጥሩ የት እንደነበር፣ ሀብታሙና ድኻው የት የት እንደሠፈሩ በጣቷ እያሳየች ታስረዳለች። ፕራግን፣ ሴቪያን፣ ቦሎኛን፣ ክራኮቭን እንደዚህ ነው ያዩት። ኖሪን ሁልጊዜ ከኋላ ትከተላለች፤ አንድም ቀን አጉረምርማ አታውቅም። ለምንስ ታጉረምርማለች? ሠላሳ አንድ ዓመት የሃሊፋክስን ዳገት እየወጣች ደብዳቤ ያደለች ፖስተኛ ናት።

ግሌንዳን ያስፈራት ይኸው ነው። የኖሪን ጎረቤት ፍሬዳ በሰባ አንድ ዓመቷ በየእሑዱ ሁለት ዱላ ይዛ ተራራ ለተራራ የምትዞር ሴት ናት። ፍሬዳ በበጋው፣ "ግሌንዳ ከደከማት እኔ አለሁ" ብላ ቀልዳ ነበር። ቀልዱ እንደ ዓሣ አጥንት የግሌንዳ ጉሮሮ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። ለግሌንዳ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀረው የዓመቱ ጊዜ የእነዚህ አራት ቀናት መጠበቂያ ነው።

ኖሪን ቀድማ ደርሳ ዘቢብ ያለበትን ትኩስ ዳቦ ቅቤ እየቀባች ነበር።

"ዘገየሽ" አለች ቀና ሳትል።

"አውቶቡሱ ነው።"

"አውቶቡሱማ ከአንቺ ቀድሞ ደርሷል። ሾፌሩ ያውልሽ፣ ሁለተኛ ሻዩን ይዟል።"

ታሪቅ ወተት ያለውን ሻይ አምጥቶ ግሌንዳ ፊት አኖረ። "እትዬ ግሌንዳ፣ ዘንድሮ ወዴት ነው ዘመቻው?"

"ተራው የእሷ ነው።"

"ተራው የኔ ነው" አለች ኖሪን፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ፖርቶ።"

ግሌንዳ ፖርቶን በካርታ አሳምራ ታውቀዋለች። ከኮረብታ ላይ ወደ ወንዝ የተደፋ ከተማ ነው። ከአፏ በፊት ጉልበቷ መለሰ።

"ፖርቶ አይሆንም!"

"ምክንያት?"

"ምክንያት ትጠይቂኛለሽ? 'በመኸር የሚጎበኙ ዐሥር ከተሞች' እያለ በየጋዜጣው የሚለፈልፈው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቢሮ ተቀምጦ ከተማውን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ አንድ ጎረምሳ ነው! እሱ ዝርዝር በጻፈ ቁጥር አንዲት አሮጊት ሃምሳ ዓመት ከኖረችበት ቤት ትባረራለች። ለምን? እኔና አንቺ አራት ሌሊት እንድንተኛበት! ወራሪዎች ነን ኖሪን። ባለ ጎማ ሻንጣ የምንጎትት ወራሪዎች!"

"አምና ክራኮቭ ስንሄድ ወራሪ አልነበርንም?"

"ክራኮቭ ሌላ ነው።"

"እንዴት?"

"ሰፊ ነው።"

"እትዬ ግሌንዳ፣ ኧረ ቀስ" አለ ታሪቅ ከባንኮኒው ጀርባ። "ጎን ያለው ዓሣ ሻጭ እንኳ ቢላውን አስቀምጦ እያዳመጠሽ ነው።"

"ያዳምጥ! እሱም ከወራሪዎቹ አንዱ ነው!"

"እሱ የሚሄደው ቴነሪፍ፣ ባሕር ዳር ሊተኛ ነው።"

"የባሰ!"

ኖሪን ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ የወረቀት መሐረብ ላይ አንድ መስቀል ሠራች። "አንድ ጣልሽ። ጄኖዋ።"

ጄኖዋ! ባሕሩ ታች፣ ቤቱ ላይ፣ በመሀሉ መሰላል የመሰሉ መንገዶች። ግሌንዳ ሻይዋን ፉት አለች፤ ትንፋሽ ሰበሰበች። አሁን ደግሞ መርከቦቹን ያዘች። ሰፈር የሚያህል መርከብ ወደቡ ላይ ቆሞ አምስት ሺህ ሰው ይተፋል፤ አምስት ሺው ሰው አንድ አንድ አይስ ክሬም ልሶ፣ አንድ አንድ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል፤ ለከተማው የሚቀረው ጭስና ቆሻሻ ነው፤ ከንቲባ የሚባሉት ደግሞ ይህን ዕድገት ይሉታል። እያንዳንዱን ቃል ከልቧ ነበር የተናገረችው። የምትዋሸው ስለ ምክንያቱ ብቻ ነው።

"እኛ በመርከብ አንሄድም" አለች ኖሪን።

"ነገሩ የመርህ ነው።"

"እሺ፣ የመርህ ይሁን። ሁለት ጣልሽ።" ሁለተኛ መስቀል ሠራች። ከዚያ ዳቦዋን እያኘከች፣ እንደ ዋዛ፣ "ፍሬዳ እንኳ የትም ውሰጂኝ ብላኛለች" አለች።

ግሌንዳ ያነሣችውን ስኒ መልሳ አስቀመጠችው። 

ኖሪን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ፖስተኛ ሳለች በር ከመከፈቱ በፊት ከበሩ ጀርባ ውሻ መኖር አለመኖሩን ታውቅ ነበር ይባላል። አሁንም እንደዚያ አድርጋ ነው ያየቻት።

"ሦስተኛው ብሩዥ ነው" አለች።

ብሩዥ! በግሌንዳ ዐይነ ልቦና እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ከተማ መጣ። ቦይ፣ ጀልባ፣ አግዳሚ ወንበር፤ ከዳር እስከ ዳር ሜዳ።

"ይሁን" አለች። "ብሩዥ ደስ ይላል። ተስማማሁ።"

ኖሪን የያዘችውን ዳቦ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

"ብሩዥ?"

"አንቺው ነሽ ያልሽው።"

"እኔማ ብያለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ብሩዥን ስትሰድቢ የሰማሁትም እኔው ነኝ። 'ቸኮሌት የተቀባ ሙዚየም' ያለው ማነው? ከነዋሪው ጎብኚው ይበዛል ብሎ ለጋዜጣ የጻፈውስ? አሁን፣ ይሄ ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ፣ ወራሪዎች ነን አልሽኝ። እና ብሩዥ ደስ ይላል?"

ግሌንዳ ስኒዋን ወደ ጎን ገፋች። ሠላሳ አራት ዓመት የተማሪ ድርሰት ስታርም፣ በገጽ አንድ ያለውን በገጽ ሦስት የሚያፈርስ ልጅ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ታውቅ ነበር። በቀይ ቀለም ታሰምርበት ነበር። ዛሬ የተሰመረው በእሷ ላይ ነው።

"ሐሳብ መለወጥ መብቴ ነው" አለች።

"አንቺ? ባልሽ በተቀበረበት ቀን እንኳ ስለ መዝሙሩ ከቄሱ ጋር ተጨቃጭቀሽ የረታሽ ሴት ነሽ። ሐሳብሽን ለውጠሽ አታውቂም።" ኖሪን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ከኔ ጋር መሄድ ካልፈለግሽ ንገሪኝ እህቴ። አልቀየምም። ብቻ ከተማ ከተማ እየጣልሽ አታድክሚኝ።"

ይህን ስትል መሐረቡን በጣቷ ታጥፈው ነበር። አልቀየምም ያለችው ሴት ዓይኗን ቀና አላደረገችም። ግሌንዳ ይመጣል ብላ ያላሰበችው ነገር ይኸው መጣ፤ ልትተዋት ነው ብላ የፈራቻት ሴት ራሷ ትተወኛለች ብላ ፈርታ ፊቷ ተቀምጣለች።

"ጉልበቴ ነው" አለች ግሌንዳ ለጠረጴዛው።

"ምን?"

"ጉልበቴ! ጉልበቴ ነው!" ዓሣ ሻጩ ዞሮ አያት። "ደረጃ አልችልም! የክራኮቭን ማማ ስንወጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ላንብብ ብዬ የተቀመጥኩት ትዝ ይልሻል? ጽሑፍ አልነበረም! ባዶ ግድግዳ ነው ያነበብኩት! አሁን ሂጂና ፍሬዳን ውሰጂ!"

ኖሪን መሐረቡን አፏ ላይ ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ግሌንዳ በመጀመሪያ የምታለቅስ መሰላት፤ ቀጥሎ ሣቅ መሆኑ ገባትና በንዴት ጋለች።

"ምን ያስቅሻል?"

"ያ ግድግዳ…" አለች ኖሪን ዓይኗን እየጠረገች። "እኔ እኮ እግዜርን እያመሰገንኩ ነበር! ልቤ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ጽሑፉን ረጅም አድርግላት እያልኩ ነበር የምጸልየው!"

"አንቺ? ፖስተኛዋ?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ዳገት የወጣሁ ሰው ለዕረፍት ብዬ ሌላ ዳገት ስወጣ ደስ የሚለኝ መሰለሽ? ጡረታ በወጣሁ ቀን ጫማዬን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው የጣልኩት። ቦሎኛ! አራት መቶ ዘጠና ስምንት ደረጃ! ቆጥሬዋለሁ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ አንቺን ነው የረገምኩት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

ኖሪን የዳቦ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበች። "ላይ ስትደርሺ ፊትሽን አይተሽው አታውቂማ" አለች። "እንደ ልጅ ነው የምትሆኚው። ወንዙ እዚያ፣ ቅጥሩ እዚህ እያልሽ። እሱን እንዴት ልከልክልሽ?"

ግሌንዳ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች።

"ዐሥራ አንድ ዓመት!" አለች። "ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አታለልሽኝ!"

"አንቺስ?"

"የኔ ገና ዓመትም አልሞላው!"

"ደግሞ ብሩዥ አደባባዩ ላይ ማማ አለ። ሦስት መቶ ስድሳ ስድስት ደረጃ፤ አንቺው ነሽ ያነበብሽልኝ። እዚያ ደርሰን ምን ልትይኝ ነበር?"

ግሌንዳ ይህን ከቶ አላሰበችበትም። "ተዘግቷል ልልሽ ነበር።"

"ውሸታም።"

"ፍሬዳስ?"

"ፍሬዳ? ያቺ ሴት ሳትሮጥ ሽንት ቤት እንኳ አትሄድም። ከእሷ ጋር ከምሄድ ወደ ፖስታ ቤቱ ተመልሼ ከረጢቱን ብሸከም ይሻለኛል።" ኖሪን ሁለቱ መስቀሎች ያሉበትን መሐረብ ለሁለት ቀደደችው። "በሐሰት ምክንያት የተጣለ ከተማ እንዳልተጣለ ይቆጠራል። አይደለም ታሪቅ?"

"ልክ ነው" አለ ታሪቅ፤ ሲያዳምጥ ኖሮ አንድም ስኒ አላጠበም።

"ስለዚህ ፖርቶ።"

"ፖርቶ እኮ ዳገት ነው አንቺ ሴትዮ!"

"ወንዙ ግን ታች ነው። ማማ ላይ አቁመሽ ስታስተምሪኝ እኔ የማየው ምን ይመስልሻል? ታች ያሉትን ሰዎች። ጠረጴዛ ይዘው፣ እግራቸውን ዘርግተው የሚበሉትን። ዐሥራ አንድ ዓመት የቀናሁት በእነሱ ነው። ጄኖዋንም ያልኩት ወደብ ስላለው ነው።"

ግሌንዳ የቀዘቀዘውን ሻይ እስከ አተላው ጠጣችው። እንዲህ በቀላሉ መረታት አልለመደባትም፤ ቢሆንም ከሚያዝያ ወዲህ ጉልበቷ እንደዚህ ቀልሏት አያውቅም።

"የአሮጊቶቹ መባረር ግን እውነት ነው" አለች።

"እውነት ነው።"

"እንግዲያው ሆቴል ነው የምናድረው። የሰው መኖሪያ ቤት አንከራይም።"

"የመርህ ነገር ነው" አለች ኖሪን፤ ሌላ ዳቦም አዘዘች።

ልጆቹ ወደ ክፍላቸው በተመለሱበት ሰኞ፣ ፀሐዩ ዘንበል ሲል፣ ሁለቱ ሴቶች ፖርቶ ወንዝ ዳር ተቀምጠው ነበር። ሆቴላቸው ከጠረጴዛው መቶ እርምጃ አይርቅም፤ ደረጃ የለበትም። የታዘዘው ዓሣ በድንችና በሽንኩርት መጣ፤ ቀዩ ወይን ተቀዳ። ግሌንዳ ግራ እግሯን ባዶ ወንበር ላይ ሰቅላ የጉዞ መጽሐፏን ገለጠችና ከላይ ያለው የቤተ ክርስቲያን ማማ በማን እንደተሠራ፣ ስንት ደረጃ እንዳለው ጮክ ብላ አነበበች። ወንዙ ከየት እንደሚመጣና ቅጥሩ በየት በኩል እንደነበር ደግሞ በሹካዋ ጫፍ አሳየች። ከታች ወደ ላይ ማስረዳት ትንሽ አስቸገራት፤ ሁለት ጊዜ ተሳስታ አረመች። ኖሪን ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አውልቃ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ካዳመጠችው ሁሉ ይልቅ ይህን ከልቧ አዳመጠችው።

ትልቁ የብረት ድልድይ አናት ላይ ሰዎች ተደርድረው አጥሩን ተደግፈዋል። ከታች ሲታዩ ጉንዳን ያክላሉ።

"እነዚያ ቁልቁል አፍጥጠው የሚያዩት ምንድን ነው?" አለች ግሌንዳ።

"እኛን ነዋ" አለች ኖሪን፤ እጇንም ወደ ዳቦው ዘረጋች።