ባለ ሁለት ቁልፉ ሽንት ቤት

እናቴ መጥታ ከእኛ ጋር እንድትኖር ባሌን ሳማክረው እማማ ከጓዳ ሰሙን። እማማ የባሌ እናት ናቸው፤ ቤቱም የእሳቸውና የአባባ ነው።

"ፍቅሩስ ሞልቷል፤ የሚጎድለው ውሃ ነው" አሉ።

እውነታቸውን ነበር። የቧንቧው ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ያን ቀን የጣሪያው ታንከር ይሞላል፤ ከዚያ ለአራታችን እያብቃቃን ብንሰነብትም ሳምንቱ ሳያልቅ ይነጥፋል። የእናቴ ጉልበት ደግሞ የምትኖርበትን ፎቅ ደረጃ እምቢ ብሏል።

ውሃችንን የሚጨርሰው ሽንት ቤቱ እንደሆነ ደረስኩበት። አሮጌው መቀመጫ አንዴ ሲለቀቅ ባልዲ ሙሉ ይውጣል። ስለዚህ ባለ ሁለት ቁልፉን ገዛሁ፤ ትንሹ ቁልፍ ለትንሹ ጉዳይ፣ ትልቁ ለትልቁ። ሁለቱም ከአሮጌው ያነሰ ውሃ ነው የሚለቁት። ቧንቧ ሠራተኛው ገጥሞት ሲወጣ እማማ በሩ ላይ ቆመው አዩት።

"ቧንቧው እስኪመጣ ታንከሩ ካልነጠፈ እናትሽ ትምጣ" አሉኝ። "ከነጠፈ ግን አሮጌውን ታስመልሻለሽ፤ ማኩረፍ የለም።"

"እሺ፣ እማማ።"

የመጀመሪያውን ቀን ደህና ሠራ። በማግስቱ ትልቁን ቁልፍ ስንጫን ውሃው እያመነታ ወረደና የሚወስደውን ሳይወስድ ቆመ። ደግሞ መጫን፣ ደግሞ መጠበቅ። ባሌ በባልዲ ያግዘው ጀመር።

"ከድጡ ወደ ማጡ!" አሉ እማማ። "ይሄ እቃ ውሃ የሚቆጥበው ለራሱ ነው እንዴ?"

አባባ ፊታቸውን የታጠቡበትን ለአበባ፣ አትክልት የታጠበበትን ለወለል የሚያውሉ ሰው ናቸው። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ከሰሙ ከእንቅልፋቸው ይነሳሉ። እማማ "ጠብታ" ነው የሚሏቸው፤ ሲቆጡም ሲያቆላምጡም ያው ነው።

ታንከሩ ከአጋማሹ በታች ወረደ። እናቴ ደውላ "ሻንጣዬን አቧራውን ጠረግኩት፤ እንዲያው ለማንኛውም ብዬ ነው" አለችኝ።

"ለማንኛውም" አልኳት እኔም።

በነጋታው እማማ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሽንት ቤት ገቡ። "ይህን ጉድ ከፍቼ ልየው" ብለው የውሃ ማጠራቀሚያውን ክዳን አንስተው አቀበሉኝ። ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩ።

እጃቸውን ሰደው አንድ የዘይት ፕላስቲክ አወጡ፤ አሸዋ ተሞልቶ ክዳኑ በፕላስተር ተጠምጥሟል።

"ጠብታ! አንተ ጠብታ! ና እስቲ ወዲህ!"

አባባ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጡ። ፕላስቲኩን ሲያዩ በሩ ላይ ቀሩ።

"ይሄ አሮጌው ውስጥ ስትከተው የኖርከው አይደለም?"

"እሱ ነው" አሉ አባባ። "ቦታ ይዞ ውሃ ያስቀራል። ለአዲሱም ይበጃል ብዬ…"

"አባባ፣ አዲሱ እኮ ከፋብሪካውም ውሃው ተቆጥቦለት ነው የመጣው" አልኩ። "ከእሱ ላይ ከተቀነሰ በምን ጉልበት ይወርዳል?"

አባባ መሬት መሬት አዩ። "እናትሽ እንዲመጡ ነው። ትንሽ ላግዘው ብዬ ነው፣ ልጄ።"

እማማ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። "አንተ የቆጠብከውን እኛ በባልዲ ስንደፋ ሰነበትን! እኔም ብልጥ ብሆን ኖሮ ክዳኑን ሳልከፍት አሸንፍ ነበር።"

ክዳኑን ስንመልስ እማማ ትልቁን ቁልፍ ተጫኑ። ውሃው ዞሮ፣ ጠራርጎ ወረደ። ሦስታችንም አጎንብሰን አየን፤ ምን እያየን እንደሆነ ትዝ ሲለን ቀና አልን።

"ታንከሩ ግን ተጋምሷል" አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

"የጠብታን ጥፋት በእናትሽ ላይ አልቆጥርም። ሲሞላ እንደ አዲስ እንጀምራለን።"

ታንከሩ ሞላ፣ ሳምንቱም ዞረ። ቧንቧው ሊመጣ ባለበት ጠዋት አባባ ጣሪያ ላይ ወጡ። ታንከሩን ስንቴ እንዳንኳኩት እንጃ፣ ከላይ ሆነው "አለ! አለ!" ሲሉ ጎረቤት ሁሉ ቀና ብሎ አየ።

እናቴ ከእነሻንጣዋ መጣች። የክፍሏን በር ነፋስ ስለሚዘጋው አባባ ያንን ባለ አሸዋ ፕላስቲክ አስደገፉት። በመጣች ቀን ሽንት ቤት ገባችና ከውስጥ ተጣራች።

"ልጄ፣ የትኛውን ነው የምጫነው?"

አፌን ሳልከፍት እማማ ከጓዳ ቀደሙኝ።

"እንደ ጉዳይዎ ነው፣ እመቤቴ! ማንም አይጠይቅዎትም!"