ለአባታችን የተሠራው የባትሪ ወንበር

ወንድሜ ዘመድኩን የተቃጠለ ዕቃ ሲያገኝ ፊቱ ይበራል። ወልቂጤ ያለችው ሱቁ በሞቱ የብየዳ ማሽኖች፣ በስታቢላይዘርና በባጃጅ ዕቃ ተጨናንቃ መግቢያ የላትም። ማሽኑን ይፈታና ከሆዱ ውስጥ ደህና የቀረ ትራንዚስተር ነቅሎ ለሌላ ሥራ ያውለዋል። እኔ ኮተታም እለዋለሁ፤ እሱ ግን ራሱን ፈልሳፊ ነው የሚለው። እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም አልተሳሳትንም።

እኔና አባታችን ዱባለ የምንኖረው ከአገና ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ነው። በቤቶቹ ፊት ሰፊው የሳር ሜዳ፣ ጀፎሮው፣ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ጫፉ ላይ ካለው ዝግባ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው የተጣላ ያስታርቃሉ። አባቴ እዚያ ሲናገሩ የሚያስል ሰው እንኳ አይሰማም ነበር። ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን ከያዛቸው በኋላ ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመን እንውሰድዎ ቢሏቸው ተቆጡ። "ሬሳዬን ትሸከማላችሁ፤ እኔን ግን አትሸከሙኝም" ብለው ማሉ። እናም ከደጃፋቸው ተቀምጠው ዝግባውን ሲያዩ መዋል ሆነ ሥራቸው።

ዘመድኩን ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም። ከብረት ቱቦ ባለሦስት ጎማ ወንበር በየደ፣ ከተጋጨ የኤሌክትሪክ ሞተርሳይክል ሞተር አውጥቶ ገጠመለት። ችግሩ ኮንትሮለሩ ላይ ነበር፤ ከባትሪው የሚወጣውን ኃይል ለሞተሩ እየመጠነ የሚያቀብለው ሳጥን ማለት ነው። ከገበያ የገዛው የመጀመሪያው ዳገት ላይ ጨሰ። እልህ ያዘውና የራሱን ሠራ። አባቴ በሚሠራላቸው በቀኝ እጃቸው ብቻ የሚነዳ ነው፤ መያዣውን ሲገፉት ይሄዳል፣ ሲለቁት ይቆማል። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ኃይሉን መልሶ ባትሪው ውስጥ ያስገባል። ከሁሉ በላይ የሚኮራበት ሌላ ነበር፤ ሞተሩ ከተወሰነለት በላይ ከሳበ ሳጥኑ ራሱ ኃይሉን ይዘጋል፣ እስኪቀዘቅዝም አይነሳም። "የሰው ቦርድ ይቃጠላል፣ የኔ ግን አይቃጠልም" ይል ነበር። የሚዘጋበትን ልክ ደግሞ ሆን ብሎ ዝቅ አደረገው። አባታችን እልኸኛ ስለሆኑ ሲያጣድፉት ይገለበጣሉ ብሎ ፈራ።

አባቴ በስልክ "አምጣውና እዚሁ እንሞክረው" አሉት።

"አባ፣ አስፋልትም ኮብልስቶንም ዳገትም ላይ ሞክሬዋለሁ። ለመስቀል ይዤልዎት እመጣለሁ" አላቸው።

ለምን ለመስቀል እንዳለ አይጠፋኝም። ለመስቀል አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ አገሩ ይገባል። ወንድሜ ደግሞ ጭብጨባ ይወዳል።

ያን ዓመት ክረምቱ መስከረምንም አለቅም ብሎ ነበር። ዘመድኩን ወንበሩን በአይሱዙ ጭኖ መጣ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡበትና በተጠቀጠቀው የግቢያችን መሬት ላይ ዞሩ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደ ፊት። ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበርና አለቀስኩ። ዝግባው ሥር በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች "ጋሽ ዱባለ ካልመጡ አንታረቅም" ብለው ይጠብቋቸው ነበር።

ወደ ጀፎሮው ሲወጡ ሴቶቹ እልል አሉ። ዘመድኩን ከኋላ እየተከተለ በስልኩ ይቀርጻል። ሳሩ ረዝሟል፣ ሥሩ ያለው መሬት ገና ውሃ እንደቋጠረ ነው። መሃል ሜዳው ሲደርሱ ሞተሩ አቃሰተና ወንበሩ ቀጥ አለ። አባቴ መያዣውን ገፉት። ምንም የለም።

"ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ አባ" አለ ዘመድኩን ስልኩን ኪሱ እየከተተ።

ጠበቅን። ወንበሩ ተነሣ፣ ጥቂት ሄደና እንደገና ቆመ። እልልታውም ቆመ። ይሄኔ ዝግባው ሥር የነበሩት ሽማግሌዎች እስኪደርሱ በክብር እንጠብቃቸው ብለው ብድግ አሉ። የገዛ እኩዮቻቸው በእርጅና ጉልበት፣ ምርኩዝ ይዘው፣ እሳቸውን ጥበቃ ቆሙ። አባቴ ያን ማየት አልቻሉም። "ተቀመጡ በሏቸው" አሉ፤ ማንም አልሰማቸውም። ጎረምሶቹ እየሮጡ መጡና ሳይጠይቁ ወንበሩን ከነሰውየው አነሡት። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እስከ ዝግባው ድረስ በሰው ትከሻ ሄዱ። ወንድማማቾቹ ጉዳያቸውን ሲያሰሙ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡና "ሌላ ሰው ይይላችሁ" አሏቸው። ሲመለሱም እንደዚያው ተሸክመው አመጧቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ዘመድኩን ሳጥኑን ፈታው። የተቃጠለ ነገር ቢያገኝ ኖሮ እንዴት ደስ ባለው! ሁሉም ደህና ነው። እርጥብ ሳር ላይ ጎማው ስለሚከብደው ሞተሩ ከአስፋልቱ የበለጠ ኃይል ይስባል። ሳጥኑም እንደታዘዘው ተዘጋ፣ ራሱን አዳነ።

"ወይንሸት፣ እዚህ ሳር ላይ እኮ ነው ያደግኩት" አለኝ መሬት ላይ እንደተቀመጠ። "ሳር እንዴት ይረሳል?"

 በጣም ተናድጄበት ነበር፤ ሲያለቅስ ሳይ ግን አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ትንሽ ብሎን ዞር አድርጎ ልኩን ከፍ አደረገው፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ተጠጥቶ እስኪያልቅ እንኳ አልፈጀበትም። ራሱ ተቀመጠበትና እስከ ዝግባው ሄዶ ሳይቆም ተመለሰ። አባቴ ከደጃፋቸው ሆነው አዩት።

"ጥሩ ነው ልጄ፣ እጅህ ይባረክ" አሉት። ግን አልተቀመጡበትም።

ከዚያ በኋላም በመጣ ቁጥር ለመናቸው። አንዴ አሞኛል፣ አንዴ ፀሐዩ በረታ፣ አንዴ ነገ ይሉታል። ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቁጣ ይበርዳል። ለሽማግሌነት የሚጠራቸውንም ሰው በትሕትና ይመልሱት ጀመር። በኋላ ሰዉ መጥራቱንም ተወው።

ባለፈው ሰሞን ዘመድኩን ከማሉ የሚባል የቡታጅራ ነጋዴ ይዞ መጣ። የከማሉ እናት ከድጄ መራመድ አቅቷቸዋል፤ ልጃቸው እንዲህ ያለ ወንበር ሊያሠራላቸው ፈልጎ መጀመሪያ ልየው አለ። ተሠርቶ ያለቀው ደግሞ የእኛው ብቻ ነው። አባቴ ቀና ብለው ተቀመጡና እንደ ድሯቸው ድምፃቸውን አውጥተው ተናገሩ።

"ልጄ ስለሆነ አይደለም የማመሰግነው። ዳገት ይወጣል፣ ሳሩንም ጭቃውንም ይሄዳል። ለአንድ እጅ ይበቃል። እናትህ ያሻቸው ቦታ ይደርሱበታል፤ የማንንም ፊት አያዩም። ሳትጠራጠር አሠራ።"

ከማሉ መቀመጫውን በእጁ ዳበሰው። አቧራ ነበረበት።

"ታዲያ አባባ፣ እርስዎ ምነው አይነዱትም?"

ከዝግባው ሥር የሽማግሌዎቹ ድምፅ ይሰማ ነበር። አባቴ ወደዚያ አላዩም።

"እኔማ የምሄድበት የለኝም" አሉ ፈገግ ብለው።

ከማሉ ሳቀ፤ ጨዋታ መስሎታል። ወደ ዘመድኩን ዞሮ "በል እንግዲህ ለእናቴም እንደዚሁ አድርገህ ሥራልኝ" አለው። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ የመቀመጫውን አቧራ በእጅጌው ይጠርግ ጀመር። "እሺ፣ ይሠራልሃል" ብዬ እኔ መለስኩለት።