ሁለት ሳጥን ስንዴ

ጓ! ጓ! ይላል ድጅኖው።

ጉሙ አገሩን ውጦት ናዛር የገዛ ጫማውን እንኳ በቅጡ አያየውም፤ ድምፁን ብቻ ተከትሎ ኮረብታውን ይወጣል። ብረቱ ሲያርፍ አፈር አፈር አይልም፤ መስታወት ላይ የሚወርድ ነው የሚመስለው። ይህን ሲሰማ ለስንዴው ፈራ። ወዲያው ደግሞ ደስ አለው። ደስ ማለቱም አሳፈረው።

"የአየር ጠባይ ሰዎች እስኪነሱ ስንዴው አርጅቶ ይሞታል" አለ ፓናስ ከጉሙ ውስጥ።

ማሳው የፓናስ ነው። ናዛር የሚሠራበት የአየር ጠባይ ጣቢያ በየብርዱ ወራት የስንዴውን ሁኔታ የሚከታተልበት ጥግ እሱ ኮረብታ ላይ ስለሆነ፣ ናዛር በመጣ ቁጥር ሰውየው ሥራውን ይሻማዋል።

"አጎቴ ፓናስ፣ በረዶውን አይርገጡት ብዬዎት አልነበረም? ሲረገጥ ብርዱ ወደ ሥሩ ይገባል።"

"በረዶ የታለና ልርገጠው? ይሄ እኮ መስታወት ነው። ሚስቴ ኦዳርካ ብታየው ፀጉሯን ታበጥርበት ነበር።"

እውነቱን ነው። በጥር አጋማሽ ድንገት ሞቆ ዝናብ ጣለ፤ በማግስቱ ውርጭ ወረደና ውሃው ስንዴው ላይ እንደተኛ ጠጠረ። ከዚያ ወዲህ ናዛር ስንዴው አደጋ ላይ ነው እያለ በየሳምንቱ ኪየቭ ላለው ዋና ቢሮ በስልክ ይናገራል። በየሳምንቱም ሬዲዮው ከኪየቭ "በመላ አገሪቱ የስንዴው ይዞታ አጥጋቢ ነው" ይላል። አጥጋቢ! ይቺን ቃል ከመጥላቱ የተነሳ የጣቢያው ሬዲዮ ሲከፈት ውጭ ወጥቶ ቴርሞሜትር የሚያይ ይመስላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሰማይ እያየ ከራሱ ጋር ይሟገታል።

ሁለት ጉማጅ አፈር ከነስንዴው ፈንቅለው በሁለት ሳጥን አኖሩ። ፓናስ ላቡን በኮፍያው ጠረገ።

"መቼ ነው የሚናገረው፣ ሞቻለሁ ወይም አለሁ ብሎ?"

"ቀስ ብሎ ነው። በብርድ የደነዘዘ እጅ እሳት ላይ ይደረጋል? አይደረግም። መጀመሪያ በረዶው ቀዝቃዛው ኮሪደር ውስጥ በዝግታ ይቀልጣል፤ ከዚያ ሙቅ ክፍል እናስገባዋለን። አዲስ ሥር ካወጣ ሕያው ነው።"

"እሱ ሥር እስኪያወጣ የገብሱን ዘር ሌላው ይወስደዋል፣ የኔ ምሁር። ሞቶ ከሆነ ገልብጬ ልረስና ገብስ ልዝራበት። በሕይወት ካለም ልተወው። ይሄ ማሳ ዘንድሮ ከከዳኝ ሌላ ማሳ የለኝም። አንድ ቃል ብቻ ስጠኝ።"

ናዛርም የሚፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ ለኪየቭ የሚላክ።

ጣቢያው ሲደርሱ በሩን የከፈተችላቸው ኦዳርካ ናት። የፓናስ ሚስት ናት፤ የጣቢያውን ምድጃም የምታነደው እሷ ነች። ሳጥኖቹን አይታ ጉንጯን ያዘች።

"ውይ ምስኪኖቼ! እንደ ጫጩት ኩምትር ብለዋል።"

"አክስት ኦዳርካ፣ እንዳይነኩ። ኮሪደሩ ውስጥ ይቆያሉ።"

"ማን ነካብህ? ብቻ ቶሎ በሉ በላቸው። ይሄ ሰውዬ እንቅልፍ አጥቶ ስንዴ፣ ስንዴ ሲል ያድራል። ስንዴ የምትባል ሴት ያስቀመጠ ነው የሚመስለው።"

"ብትኖር ካንቺ ያነሰ ትናገር ነበር" አለ ፓናስና ወጣ።

የጣቢያው ኃላፊ ራይሳ ፌዶሪቭና ከትልቁ ካርታ ሥር ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። ካርታው ላይ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ፣ ማለትም አጥጋቢ ነው፤ የእነሱም ወረዳ ጭምር።

"ናዛር፣ አገር በአንድ ኮረብታ አይለካም" አለችው ፊቱን አይታ።

"አገር እኮ ኮረብታ በኮረብታ ሲደመር ነው፣ ራይሳ ፌዶሪቭና።"

"እንግዲያው ደምር። የሁለቱም ሳጥኖች ውጤት ሲደርስ ንገረኝ። የሁለቱም፣ ሰምተሃል?"

በማግስቱ ጠዋት በሩ አጠገብ ያለው ሳጥን ቀልጦ ጭቃ ሆኖ አገኘው። ሌላው ገና ድንጋይ ነው። በቀለጠው ጠርዝ ላይ ትንሽ አመድ ነበር፤ በእጅጌው ጠረገውና ሳጥኑን ወደ ሙቁ ክፍል አስገባ። ለምን ቶሎ ቀለጠ ብሎ ራሱን አልጠየቀም። መልስ ሲናፍቅ የኖረ ሰው መልስ ቶሎ ሲመጣለት አይመረምርም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተኛ። አንዱን ሳብ ቢያደርገው እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ሙልጭ ብሎ ወጣ። ናዛር ስልኩ ላይ ተጣደፈ።

"ሞቷል። የበረዶው ቅርፊት ገድሎታል። ስል ነበር እኮ።"

"መዝግበናል" አለ የዋናው ቢሮ ድምፅ፣ እያዛጋ።

መዝግበናል! ይኸው ነው። ሬዲዮው እንደገና "አጥጋቢ" አለ። ናዛር በንዴት ኮቱን እንኳ ሳይቆልፍ ወጣ። ቢያንስ አንድ ሰው ይሰማው ብሎ ፓናስ ቤት ገባና ስንዴው መሞቱን ነገረው።

"ሁለቱም?" አለ ፓናስ ማንኪያውን አስቀምጦ።

"የአንዱ ውጤት ደርሷል። ሌላውም ያው ነው፤ ከአንድ መሬት የወጡ አይደሉ?"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። አፍስሶ መልቀምም እኮ ዕድል ነው።

መሬቱ እንደላላ የፓናስ ትራክተር ኮረብታው ላይ ማጓራት ጀመረ። በዚያው ቀን ናዛር ሁለተኛውን ሳጥን ሊደፋው አነሳው፤ ከዕለት ወደ ዕለት ቸል ብሎት ነበር። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። አፈሩን በጣቱ ፈለቀቀ። ከሥር ነጫጭ አዳዲስ ሥሮች እንደ ክር ተዘርግተዋል።

ጭቃው ጫማውን እየነጠቀው ሮጠ። ሲደርስ ከማሳው የሚበልጠው ተገልብጦ ጠቁሯል። እጁን እያወናጨፈ ትራክተሩ ፊት ቆመ።

"ሕያው ነው! ሁለተኛው ሕያው ነው!"

ፓናስ ሞተሩን አጠፋ።

"ያኛው ሞቷል ብለኸኝ ነበር።"

"ሞቷል። ግን ቶሎ ነው የቀለጠው። ሙቀት ነው የገደለው እንጂ በረዶው አይደለም።" ናዛር እጅጌውን አየ። "ጠርዙ ላይ አመድ ነበር። አይቼ ጠረግሁት። አልጠየቅሁም።"

"ኮሪደር ውስጥ አመድ ከየት ይመጣል?"

"አመድ ያለው ምድጃው ዘንድ ብቻ ነው" አለ ናዛር። የፓናስ ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ማሳው ዳር ዞረ።

ኦዳርካ ምሳ ቋጥራ እዚያ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። መጥታ ቋጠሮውን የትራክተሩ መወጣጫ ላይ አስቀመጠች፤ እንዳይወድቅ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው። ሻሿን አገጯ ሥር አጠበቀች።

"ኦዳርካ" አለ ፓናስ።

ዘወር አላለችም። ወደ ቤቷም ወደ ጣቢያውም አልሄደችም፤ ባልታረሰው በኩል፣ ከሥሯ ያለውን ስንዴ እንዳትረግጥ እየተጠነቀቀች፣ ቁልቁል ወረደች።