ሞት የሌለው መምህር

ተማሪው ያቤጽ የክፍል ጓደኛውን የኪሩን አንገትጌ ጨምድዶ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ሲያላትመው፣ አዲሱ አስተማሪ ሮቦት ከሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ "ጎበዞች! አሁን ሁላችንም አብረን ለ፣ ሉ፣ ሊ" ይል ነበር።

በባሕር ማዶዋ ኢቶቢኮ ከተማ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ የቅዳሜው የአማርኛ ክፍል ውስጥ ነው ይህ የሆነው። እስካለፈው ሳምንት ያስተማሩት እትዬ ጠጂቱ ዛሬ ከኋላ ተቀምጠዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ አምሃ፣ "እርስዎ ሮቦቱን ዝም ብለው ይዩት። ክፍሉን ብቻውን ከያዘ ከእንግዲህ ያርፋሉ" ብሏቸዋል። ማረፍ ማለት እኮ ቤት መቅረት ነው። እርሳቸውን ደግሞ ከእነዚህ ልጆች በቀር፣ ሳምንት ጠብቆ የሚፈልጋቸው ሰው የለም።

"ድገመዋ!" አለ ያቤጽ፣ "አባቴን ምን አልከው?"

"ፖሊስ ወሰደው! ኤቭሪባዲ ኖውስ!" አለ ኪሩ።

ያቤጽ በቡጢ አፉን አለው። ደሙ የፊደል ገበታው ላይ ተረጨ። ሌሎቹ ልጆች ጮኹ።

ሮቦቱ ጫጫታ ሲበዛ የሚለው ነገር ነበረው። አምሃ የእትዬ ጠጂቱን ድምፅ ቀድቶ፣ ልጅ የሚገስጹበትን ቃል ሁሉ አስጠንቶታል። በራሳቸው ድምፅ፣ "በሞቴ! እኔ ልሙት፣ ተዉ!" አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

"ብሮ፣ አንተ አትሞትም!" አለ ያቤጽ፤ የብረቱንም ወንበር አነሳ።

እትዬ ጠጂቱ እንዴት እንደተነሱ አያውቁም፤ ብቻ ኪሩ ላይ ተደፉበት። ወንበሩ ክንዳቸው ላይ ሲያርፍ አጥንታቸው ቋ አለ። ሁለተኛው ምት ግንባራቸውን ተረተረው።

"ልጄ፣ በሞቴ" አሉ ቀና ብለው፣ "እኔ ልሙትልህ፣ ይብቃህ።"

ያቤጽ በቅንድባቸው የሚወርደውን ደም አየ። ወንበሩ ከእጁ ወደቀ።

"ቲቸር... አትሙቺ፣ ፕሊስ።"

"አልሞትም፤ ና ደግፈኝ። አንተም ኪሩ፣ አባቱ በተወሰደበት ልጅ አይቀለድም፤ ሰማህ?"

ኪሩ ደሙን ዋጥ አድርጎ አንገቱን ነቀነቀ።

ይህን ጊዜ አምሃ በሩን ከፍቶ ገባ። "ኧረ በስመ አብ! እትዬ፣ ማነው እንዲህ ያደረገዎት?"

ያቤጽ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አባቱ ከታሰረ ወዲህ ከወላጅ ልጅ የሚወስዱት የመንግሥት ሰዎች ቤታቸው እየተመላለሱ ነው፤ አንድ ጥፋት ከተገኘበት ከእናቱ እቅፍ ይነጥቁታል። እትዬ ጠጂቱ ይህን ያውቃሉ። እውነቱን ቢናገሩ ደግሞ ሮቦቱ ዛሬውኑ ወደ ካርቶኑ እንደሚመለስ፣ ክፍሉም የእርሳቸው እንደሚሆን ያውቃሉ።

አምሃ ወደ ሮቦቱ ዞረ። "ምን ተፈጠረ? ትምህርቱ እንዴት ነበር?"

"ትምህርቱ በሰላም ተጠናቋል። ሁሉም ልጆች በርትተዋል።"

"እትዬ?"

እትዬ ጠጂቱ የተሰበረ ክንዳቸውን በደህናው እጃቸው አቀፉ።

"እውነቱን ነው" አሉ። "ኪሩ ወድቆ ላነሳው ስል እኔም ወደቅሁ እንጂ፣ ሮቦቱስ ልጆቹን በደንብ ይዟቸዋል።"