አደገኛው ገበጣ

ቴፒ ውስጥ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ከባየ የሞባይል ሱቅ ያልተጫነ መተግበሪያ ሁሉ እንደ ቫይረስ ይቆጠራል። ዳታው ውድ ነው፤ ኔትወርኩም ዝናብ ሲያይ ይሸሻል። ስለዚህ ከሸኮ ቡና ይዞ የመጣው ገበሬም፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪም ስልኩን ለባየ አቀብሎ "እስቲ አንድ ደህና ነገር ጫንልኝ" ይላል። ባየ ደህና ያለው ደህና ነው።

አቢጊያ የሂሳብ መምህርነቷን ትታ በስልክ የሚጫወቱት ገበጣ ስትሠራ ይህን ታውቅ ነበር። ገበጣው በአባቷ በአቶ ጴጥሮስ ድምፅ በተሸናፊው ላይ ያላግጣል፦ "ልጄ፣ ጠጠሩ አልጠፋም፤ እኔ ቤት ገብቶ ነው።" ጨዋታው በነጻ ነው፤ የአቶ ጴጥሮስን ተጨማሪ ስድብ የሚሻ ግን ጥቂት ብር ይከፍላል። እስከ መስከረም በዚህ ገቢ መተዳደር ካልቻለች ወደ ማስተማሩ እንደምትመለስ ለትምህርት ቤቷ ቃል ሰጥታለች።

ገበጣውን ይዛ ሱቁ ስትመጣ ባየ ደንቡን ነገራት። ክፍያው ሁሉ በእርሱ ስልክ ቁጥር ይገባል፤ ከገባው ላይም ሲሶውን ያስቀራል።

"ጋሽ ባየ፣ ሲሶ? መሬትዎን አርሼ ነው?"

"ሱቄን እያረስሽ ነዋ። ታላላቆቹ የውጭ ኩባንያዎችስ ሠላሳ ከመቶ ይወስዱ የለም እንዴ? ሬዲዮ አትሰሚም?"

"እሰማለሁ። መንግሥታት እንደከሰሷቸውም ሰምቻለሁ።"

"እስቲ እዚህ ማን እንደሚከሰኝ አያለሁ።"

አቢጊያ ከሱቁ ወጥታ በቀጥታ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ኃላፊዋ ወይዘሮ ዙሌይካ በሚዛን የሚያጭበረብሩ ቡና ገዢዎችን ሲቀጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ከእርሷ ጋር ወደ ሱቁ መጥተው ነገሩን ከሁለቱም ወገን ሰሙና እዚያው ወሰኑ።

"ባየ፣ ለመጫኛ የድካምህን ዋጋ ጠይቅ፤ መብትህ ነው። ደንበኛው በቀጥታ ለእርሷ ልክፈል ካለ ግን በሩን አትዘጋበትም።"

"ሕግ ይከበራል" አለ ባየ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

አከበረም። ቅዳሜ ገበያው ሳይሞላ፣ ሱቁ በር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ተሰቀለ፦ "ውድ ደንበኞቻችን! አዲሱ ገበጣ ከሱቃችን ውጪ ያስከፍላል። ለሚደርስብዎ ማንኛውም ነገር ኃላፊነት አንወስድም።"

አቢጊያ ማስጠንቀቂያውን ደግማ አነበበችው። ማን ደፍሮ ይጭነዋል? ወዲያው ለወይዘሮ ዙሌይካ ደወለች።

ወይዘሮ ዙሌይካ ሲደርሱ ግን በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሎ መግቢያ አጡ። ከፊት የቆመችው ኮረሪማ ነጋዴዋ ሐፍሳ ነበረች።

"ምንድነው የሚደርስብን?"

"እኔ ምን ዐውቃለሁ?" አለ ባየ። "ኃላፊነት አልወስድም ብያለሁ።"

"እንግዲያው ቶሎ ጫንልኝ።"

ሐፍሳ እያንዳንዱን ጠጠር ረጅም እያሰበች ተጫወተች፤ መሸነፍም ጀመረች። "ተራዬ ሲደርስ ቀስቅሱኝ" አለ ስልኩ በአቶ ጴጥሮስ ድምፅ፣ እያዛጋ። ከኋላዋ የቆሙት በሳቅ ፈነዱ።

"እኔን?" አለች ሐፍሳ። "ሌላ ስድብ አለው?"

"ከተከፈለ አለው" አለች አቢጊያ። ሐፍሳ እዚያው በቀጥታ ከፈለቻት፤ ከኋላዋ ያሉትም ስልካቸውን አወጡ።

ወይዘሮ ዙሌይካ በመጨረሻ ተጋፍተው ገቡ። "ባየ፣ ይህን ነገር አውርድ። ሰውን ማስፈራራትም በር መዝጋት ነው።"

ባየ ሊነሳ ሲል አቢጊያ ቀደመችው። "እባክዎ ወይዘሮ ዙሌይካ፣ ይቆይ።"

"ከሳሿ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"ነበርኩ።"

ወይዘሮ ዙሌይካ ሰልፉን አዩ፤ ሳቃቸውንም ዋጥ አደረጉ። "ይቆይ። ነገር ግን እውነቱ ይጻፍበት።"

"ምን ብዬ ልጻፍ?" አለ ባየ፣ ብሩሹን እያነሳ።

"ይሳደባል ብለህ ጻፋ" አለች ሐፍሳ።

ጻፈ። እኩለ ቀን ላይ ሰልፉ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ደረሰ፤ ባየም ለመጫኛ የሚከፈለውን እየተቀበለ ምሳውን ረሳ። አቢጊያ ጥግ ይዛ ለትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ለአቶ ታፈሰ ደወለች።

"ጋሼ፣ ሌላ የሂሳብ መምህር ይፈልጉ።"

"እንኳን ደስ ያለሽ" አሉ አቶ ታፈሰ። "ለእኔ ግን ገበጣውን በቴሌግራም ላኪልኝ፤ መንገዱ ጭቃ ነው።"

"አይሆንም ጋሼ። ይምጡና እንደ ሰው ይሰለፉ።"