የምረቃ ውኃ

ዶላሞ ትምህርቱን ጨርሷል፤ የቀረው ማጠብና መታጠብ ብቻ ነው።

ጦር መሣሪያ አንይዝም የሚሉት የሜኖናይት ሚስዮናውያን ጂንካ ላይ የከፈቷት የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ድሮም ትንሽ ነበረች። መንግሥት በሯን ካሸገ ወዲህ ደግሞ ከነተማሪዎቿ በመምህሯ በጋሼ ወንድይፍራው ሳሎን ውስጥ ተጠግታ ትኖራለች። በአራት ድምፅ የሚዘመረው መዝሙር እንኳ አሁን የሚዘመረው አፍ ተዘግቶ ነው፤ ቀበሌው ሩቅ አይደለም። ልማዷን ግን አልተወችም። የሚመረቅ ሰው ካባ አይለብስም። ከተቀያየመው ሰው ጋር እግር ይተጣጠባል፤ ተቃቅፈው ሲነሡ ምስክር ወረቀቱን ይቀበላል። ያልታረቀ አይመረቅም።

ዶላሞ ያስቀየመው ቦሼን ነው። አብረው ይማሩ ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ሲመጣ፣ «አብረን ቀርበን ጠመንጃ አንይዝም እንበል፤ የሚመጣውንም አብረን እንቀበል» ተባባሉ። መማል በኮሌጇ ክልክል ነውና እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ቃል ተገባቡ። በማግስቱ ቦሼ ብቻውን ቀረበ። ዶላሞ ካኮ በምትባለው መንደር፣ አክስቱ ጎተራ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ቦሼን ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ወሰዱት፤ ቁስለኛ በቃሬዛ ሲሸከም ፈንጂ ረገጠ።

ዶላሞ ሽማግሌ ቢልክበት «አልመጣም» ብሎ ነበር። ዛሬ ግን በክራንች እያነከሰ ገባ።

«እንዴት ነህ፣ ጎተራው?» አለ አግዳሚው ላይ እየተቀመጠ። «ነቀዝ አልበላህም?»

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ዶላሞ ሳፋውን አቅርቦ ተንበረከከ።

«እግርህን ስጠኝ፣ ቦሼ።»

«የትኛውን? አንዱ እዚያው ቀርቷል፤ ሄደህ እጠበው።»

ጋሼ ወንድይፍራው፣ «ልጄ፣ ካልፈለግህ ማንም አያስገድድህም» አሉት።

«እፈልግ እንደሆነ ለማየት ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።»

ቦሼ ጫማውን አውልቆ እግሩን ውኃው ውስጥ አስገባ። ዶላሞ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አጠበው። ስንት ቀን ሲያዘጋጀው የሰነበተ የይቅርታ ንግግር ነበረው፤ በሱ ፈንታ ተረከዙን ደግሞ አጠበው። ከዚያም በፎጣ አደረቀለት።

ተራው የቦሼ ሆነ። መንበርከክ ስለማይችል መሬት ላይ ተቀመጠ። የዶላሞን ቀኝ እግር ይዞ ቀስ እያለ አጠበና አደረቀው። ዶላሞ ግራውን ሲዘረጋለት ግን ሳፋውን ገፋ አደረገው።

«እሱ ይቆይ» አለ። «ዛሬ የቻልኩት ይኼን ነው። በል አንሣኝ።»

ዶላሞ በብብቱ ይዞ አነሣው። ቦሼ እንዳይወድቅ ይሁን እንደ ምረቃው ልማድ፣ አንገቱን አቀፈው፤ ቶሎም አልለቀቀውም።

ጋሼ ወንድይፍራው ምስክር ወረቀቱን ዘረጉለት።

«እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ፣ ጋሼ» አለ ዶላሞ። ያልታጠበ እግሩን ጫማው ውስጥ ከትቶ፣ ክራንቹን ለቦሼ አቀብሎ ሊሸኘው አብሮት ወጣ።